ይፋዊ ቁልፍና የዜጎች አገልግሎት፦ የኢስቶኒያ መታወቂያ ካርዶች ጉዳይ ሲቃኝ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 3 ቀን 2017 ሌሊት የኢስቶኒያ መንግሥት ወደ 760 ሺህ በሚጠጉ መታወቂያ ካርዶች ላይ ያሉ ዲጂታል የምስክር ወረቀቶችን አገደ። የአገሪቱ ሕዝብ ቁጥር 1.3 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ሲታሰብ የውሳኔው ክብደት ግልጽ ይሆናል፤ ሐኪም የመድኃኒት ማዘዣ የሚጽፈው፣ ነጋዴ ውል የሚፈርመው በዚሁ ካርድ ነበርና። ከካርዶቹ አንዱም እንኳ ለወንጀል መዋሉ አልታወቀም። ችግሩ የነበረው ለማንም ክፍት በሆነው ክፍል፣ በይፋዊው ቁልፍ ላይ ነው።

ዲጂታል የምስክር ወረቀት የባለቤቱን ስም፣ የሰጪውን አካል ማንነትና ፊርማ፣ የሚጸናበትን ጊዜና ይፋዊውን ቁልፍ አንድ ላይ የያዘ ፋይል ነው። ይፋዊው ቁልፍ ፊርማን ለማረጋገጥ ለሁሉም ይሰጣል፤ አቻው የሆነው የግል ቁልፍ ግን ከካርዱ መውጣት የለበትም። በወቅቱ በካርዶቹ ላይ በነበረው አርኤስኤ በተባለው ዘዴ ይፋዊው ቁልፍ የሁለት እጅግ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን፣ ጥንካሬው የተመሠረተው ብዜቱን አይቶ ሁለቱን ቁጥሮች ማግኘት ባለመቻሉ ላይ ነው።

በቼክ ሪፐብሊክ የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ጉድለት ይህን መሠረት የሚነካ ነበር። ኢንፊኒዮን የተባለው ኩባንያ ያመረታቸው ቺፖች ፍጥነት ለማግኘት ሲሉ ብቸኛ ቁጥሮቹን የሚመርጡት በተወሰነ ቀመር ነበር። በመሆኑም አጭር ፕሮግራም ይፋዊውን ቁልፍ ከምስክር ወረቀቱ አውጥቶ ለትንንሽ ቁጥሮች ሲያካፍለው፣ ቀሪዎቹ ቁልፉ ከየትኛው ዓይነት ቺፕ እንደመጣ በቅጽበት ያሳብቃሉ። የግል ቁልፉን አስልቶ ማግኘት ግን በተመራማሪዎቹ ግምት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የኮምፒውተር ኪራይ ይጠይቅ ነበር፤ ለተራ ሌባ ውድ፣ አቅም ላለው ጠላት ግን ርካሽ ነው።

መንግሥት ጉዳዩን በሴፕቴምበር 5 ቀን ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ የይፋዊ ቁልፎቹን ማውጫ ዘጋ። ይፋዊ የተባለን ነገር መደበቅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም፣ ጊዜ ለመግዛት ተገቢ እርምጃ ነበር። ቀጥሎም ካርዶቹ ወደ ሌላ የቁልፍ ዘዴ በርቀት የሚታደሱበት መንገድ ተዘረጋ፤ ጥያቄው በበዛባቸው ቀናት ሥርዓቱ ስለተጨናነቀ ለሐኪሞችና ካርዱን ለሥራ ለሚጠቀሙ ሌሎች ባለሙያዎች ቅድሚያ ተሰጠ። ካርዱ በእጅ የሚታይ መታወቂያነቱን አላጣም፤ የማደሻው ጊዜም እስከ ማርች 31 ቀን 2018 ተራዘመ።

በኢትዮጵያም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 በምስክር ወረቀት ለተረጋገጠ ፊርማ ሕጋዊ መሠረት የሰጠ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ሥርዓቱን ለሚገነቡ ባለሙያዎች ሩቅ አይደለም። ቁልፍን ከምስክር ወረቀት ማንበብ በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ የጥቂት መስመሮች ሥራ ነው፤ ማንም ግለሰብ ግን በፈለገው ስም የምስክር ወረቀት ሊያዘጋጅ ይችላል። ስለሆነም ፕሮግራሙ በቁልፉ ከመጠቀሙ በፊት የሰጪውን አካል ፊርማ እስከ ታመነው የበላይ ሰጪ ድረስ መመርመር፣ የሚጸናበትን ጊዜ ማየት፣ አለመሰረዙንም ማጣራት አለበት። የኢስቶኒያው እገዳ ውጤት ሊኖረው የቻለው ተቀባይ ተቋማት ይህንን የመጨረሻ ጥያቄ ይጠይቁ ስለነበር ነው፤ ባይጠይቁ ኖሮ የታገደው ካርድ በማግሥቱም እንደ ወትሮው ይፈርም ነበር።