መስታወቱ ላይ የምትሄደው ምንድን ናት?

ሳሎናችሁ ውስጥ አኳሪየም ካለ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ልጅ ነው። “እማዬ፣ ዓሣው ወለደ!” ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን የክር ቁራጭ የምታክል ነጭ ነገር መስታወቱ ላይ ትሳባለች። ቀጥሎ ድንጋጤ፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ በረኪና ይመጣል። እባካችሁ በረኪናውን ቦታው መልሱት።

እኔ የገበያ ሰው ነኝ፤ የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። በቢሮ አንድ የማናውቀው ተፎካካሪ ብቅ ሲል የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ግን ለዓሣ ገንዳም ይሠራሉ፤ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ለምን በዛ?

ምንድን ነው ለሚለው ቀለሙን ትታችሁ እንቅስቃሴውን ተመልከቱ። በውሃው መካከል ዘለል ዘለል የምትል ነጥብ ካያችሁ የውሃ ቁንጫ ወይም ሳይክሎፕስ ናት። ስሟ ቁንጫ ይባል እንጂ አትነክስም፤ ለዓሣው ምግብ ናት። ሳይክሎፕስ የምታስፈራው ውሃው ሲጠጣ ነው፤ የጊኒ ዎርም በሽታ የሚተላለፈው በእርሷ በኩል ነውና። በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ የነበረው ይህ በሽታ በ2023 ወደ 14 ሰዎች ወርዷል። ለዚህ ካበቁት ዘዴዎች አንዱ የመጠጥ ውሃን በጨርቅ ማጥለል ነው።

መስታወቱ ላይ ለስለስ ብላ የምትንሸራተትና ጭንቅላቷ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ከሆነች ፕላናሪያ ናት። በምላጭ አትቁረጧት፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ትል ይወጣል። አንድ ቦታ ተጣብቃ ቀጫጭን ክንዶቿን የምትዘረጋ፣ ሲነኳት ኩምትር የምትለዋ ደግሞ በትምህርት ቤት ያወቅናት ሃይድራ ናት። ገና የተፈለፈሉ ጫጩት ዓሦችን ትጎዳለች፤ ትልልቆቹን ግን አትደፍርም። ከውሃው ገጽ ተንጠልጥላ የምትወራጨው የትንኝ እጭ ናት፤ ዓሣው ራሱ ይበላታል። በሁለቱም ጫፍ እየተጣበቀ የሚራመደውን አልቅትን ግን የደጋ ሰው ያውቀዋል። በከብት አፍንጫ እየገባ ስንቱን በሬ አስቸግሯል! እርሱን በመቆንጠጫ አውጡት።

ከየት መጣ? ከባዶ አይመጣም። እንቁላሉ በውሃ ተክል ቅጠል፣ በጠጠር ወይም ዓሣው በመጣበት ፌስታል ውሃ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አዲስ ተክል ስትገዙ በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ለሁለት ሳምንትም በሌላ ዕቃ አቆዩት።

እዚህ ላይ ለደቡብ ጎንደር ቤተሰብ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጆች ወደ ፎገራ፣ ደራ ወይም ሊቦ ከምከም ሲወርዱ ከጣና ዳር ቀንድ አውጣና ተክል በጠርሙስ ይዘው ለመምጣት ይጓጓሉ። አትፍቀዱላቸው። በጣና አካባቢ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉን የምታሳድገው ጠፍጣፋ፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ናት። ከእርሷ የሚወጣው ተውሳክ ውሃው ባይጠጣም በቆዳ ዘልቆ ይገባል። ልጁ ከሐይቁ ከገባ ወይም ውሃውን ከነካ ለሐኪም ንገሩ፤ መድኃኒት አለው። በገንዳ የተራባች የሱቅ ቀንድ አውጣ ግን እንዲህ አታሰጋም፤ ተውሳኩን የምትሸከመው በሽታው ያለበት ሰው ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው።

ለምን በዛ? መልሱ አንድ ነው፤ ምግብ ስለተረፈ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆች ለዓሣው ይበትናሉ፤ የተረፈው ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ ትሎቹም ይጋበዛሉ። በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀውን ብቻ ስጡ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ብርዱን በሚችለው በጎልድፊሽም ቢሆን ቀዝቃዛ ውሃ የምግብ መፈጨትን ያዘገያል። በብርድ ወራት መጠኑን ቀንሱ። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ለውጡ፤ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ለአንድ ቀን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ሁሉንም በአንዴ ማጠብ ግን የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ትሉ ሳይሆን ጽዳቱ ዓሣውን ይጨርሰዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ የምትደፉት ውሃ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የሚፈስሱት ወደ ጣና ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የጣና ዓሦች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ እነዚህ ወንዞች ይወጣሉ። እምቦጭን አስታውሱ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም የተሠራጨው አበባው ስላማረ ሰው ይዞት በመዞሩ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ታወቀ፤ እስከ ዛሬም ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ይታገሉታል። ስለዚህ የገንዳውን ውሃ በጓሮ አፈር ላይ ድፉ፤ ተክሉን ፀሐይ ላይ አድርቁ፤ የሰለቻችሁን ዓሣ ለሚያሳድግ ሰው ስጡ እንጂ ወንዝ አትልቀቁ።

አሁን ልጁን ጥሩና አጉሊ መነጽር ስጡት። ትዘላለች፣ ትንሸራተታለች ወይስ ተጣብቃለች? እርሱ ይንገራችሁ።