ላልተሠራ ቤት የከፈልነው ገንዘብ የት ይቀመጥ? ግልጽ ደብዳቤ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ክቡር ከንቲባ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከቱላ ነው። ከሐዋሳ ወደ ዲላ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚመጣ ሰው የእንሰቱ ጓሮ እየሳሳ፣ የቆርቆሮ አጥሩና የሕንፃ ሥዕል የተለጠፈበት ሰሌዳ እየበዛ መሄዱን ያያል። ከተማው ማደጉን የሚጠላ የለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የቤት ኪራይ እንዴት እንዳስጨነቀን እርስዎም ያውቁታል። ሥዕል አይቶ ገንዘቡን የሚከፍለውም ኪራይ የመረረው ሰው ነው።

የታናሽ እህቴን ውል ላንሳ። አልሚውን በስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። የባሏ እቁብና የእሷ ቁጠባ ተጠራቅሞ ቅድሚያ ክፍያ ሆነ። ውሉን ቁጭ ብለን ስናነበው፣ እሷ የምትከፍልባቸው ቀናት አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ብትዘገይ የምትቀጣው ቅጣትም በመቶኛ ተቀምጧል። ቤቱን የምትረከብበት ቀን ግን የለም። «ግንባታው ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ በ24 ወራት ውስጥ» ይላል፤ ግንባታው መቼ እንደሚጀመር የሚናገር መስመር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አይገኝም። ሌላው አንቀጽ የግንባታ ዕቃ ዋጋ ከጨመረ ልዩነቱን ገዢዋ እንድትሸፍን ያስገድዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ይህ አንቀጽ በስንቱ ቤተሰብ ላይ እንደከበደ እገምታለሁ። ካሬ ሜትሩም ቢሆን ደረጃውን፣ ኮሪደሩንና የሊፍቱን ቦታ ጨምሮ የተቆጠረ ነው፤ ይህን ሲያሻሽጣት የነበረው ሠራተኛ አልነገራትም።

ዛሬ ቦታው ላይ ያለው ጥቂት ኮለን፣ ከላዩ የዛገ ፌሮ፣ ሣር የበቀለበት የአሸዋ ክምርና ጥበቃው የዘራው በቆሎ ነው። የክፍያ ማሳሰቢያው ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ያ መሬት ትናንት የአርሶ አደር ማሳ ነበር። ከእርሻ ወጥቶ ቤትም ሳይሆን መቅረቱ ሁለት ጊዜ ያንገበግበኛል።

እህቴ ቤት የገዛች ይመስላታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ገና ያልተሠራን ቤት ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረገውን ውል እንደ ሥራ ውል እንጂ እንደ ቤት ሽያጭ አያየውም። ቦታው በሊዝ የተያዘው በአልሚው ነው፣ ካርታውም በስሙ ነው። ባንክ በዚያ ካርታ አበድሮ መያዣ አስመዝግቦ ከሆነ ከእሷ በፊት ባንኩ ይቀድማል። እጇ ላይ የቀረው ደረሰኝ ነው። ነገ አልሚው ቢከስር በዚያ ደረሰኝ የምትቆመው በዕዳ ጠያቂዎች ሰልፍ መጨረሻ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ መማር እንችል ነበር። ለአክሰስ ሪል እስቴት የከፈሉ ከ2,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን በተባለው ጊዜ አልተረከቡም፤ መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞም ጉዳያቸው ዓመታት ፈጅቷል። ስደት ላይ ሠርተው ገንዘብ የላኩም ከመካከላቸው ነበሩ። በ2005 ዓ.ም. ለመንግሥት የ40/60 የቁጠባ ቤት የተመዘገበውም ብዙ ተጉላልቷል፤ ከ10 ዓመት በላይ ዕጣ የጠበቀ አለ። ቢሆንም የእሱ ገንዘብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በራሱ ስም በተከፈተ ደብተር ነው የተቀመጠው። ተራውን ቢያጣም ብሩን አያጣም። ክቡር ከንቲባ፣ የእኔም ልመና ከዚህ ላይ ይነሣል።

ቦታውን በሊዝ የሚሰጠው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚፈርመው፣ ግንባታውን የሚቆጣጠረው የእርስዎ አስተዳደር ነው። አንድ ሕንፃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ ስንት ፎቅ እንደተፈቀደለት፣ የሊዝ ክፍያው ውዝፍ እንዳለበት፣ ካርታው በዕዳ መያዙን የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያውቃል። ገዢው ግን የሚያውቀው ሥዕሉን ብቻ ነው። ይህ መረጃ ሰው ከመፈረሙ በፊት በክፍለ ከተማው ይለጠፍ፤ በየጊዜውም ይታደስ። ለዚህ አዲስ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ከዚያ የሚበልጠው የገንዘቡ ነገር ነው። የገዢዎች ክፍያ ለዚያ ሕንፃ ብቻ በተከፈተ ዝግ ሂሳብ ይግባ፤ የሚለቀቀውም የአስተዳደሩ መሐንዲስ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ሲፈርም ይሁን። ይህ ከኔ የመነጨ ሐሳብ አይደለም። ልጆቻችን ተሰደው የሚሠሩባት ዱባይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 እንዲህ ያለ ሂሳብ በሕግ አስገድዳለች። የሕንድ የ2016 ሕግም ከገዢ ከተሰበሰበው ገንዘብ 70 በመቶው በተለየ ሂሳብ እንዲቀመጥ፣ መሐንዲስ፣ አርክቴክትና የሂሳብ ባለሙያ ሳያረጋግጡ እንዳይወጣ ያዝዛል። እኛም ዘንድ የተወካዮች ምክር ቤት የሪል እስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ በ2017 ዓ.ም. አጽድቋል። አዋጅ አዲስ አበባ ላይ ይጸድቃል፤ ቱላ ላይ የሚያስፈጽመው ግን የእርስዎ አስተዳደር ነው።

አልሚዎች «ባንክ አያበድረንም፤ በገዢ ገንዘብ ካልሆነ በምን እንሥራ?» ይላሉ። ባንክ እንደሚያስቸግራቸው አውቃለሁ፤ በቅንነት የሚሠራውን አልሚም መጉዳት አልፈልግም። ገንዘቡን አትንኩት አላልኩም። መሠረቱ ሲወጣ የመሠረቱን፣ ጣሪያው ሲመታ የጣሪያውን ይውሰዱ። በቅንነት የሚሠራው አልሚ ይህ አሠራር ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ዛሬ ገበያተኛውን እያሸሹበት ያሉት ሥዕል ብቻ የሚሸጡት ናቸውና።

አሁን በሽያጭ ላይ ካሉት ሕንፃዎች እንዲጀምሩልን እጠይቅዎታለሁ። እህቴ ቀጣዩን ክፍያ የምትከፍልበት ቀን ቀርቧል። ቀኑ ሳያልፍ የዚያ ቦታ ፈቃድና ዕዳ ምን እንደሚመስል አስተዳደሩ በጽሑፍ ይንገራት፤ እንደ እሷ የፈረሙት ገዢዎችም አብረው ይስሙ። መልስዎን በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጥፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቱላ ነዋሪ