ቡችላ ከመረከብ በፊት

አሶሳ ውስጥ ውሻ ማሳደግ የፈለገ ሰው ወደ ውሻ መጠለያ አይሄድም። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ቡችላ ይጠይቃል፤ ወይም ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚውለውን ከሲታ ውሻ ፍርፋሪ እየሰጠ ያለምደዋል። ውሻው ጥቂት ሌሊት ግቢው ውስጥ ካደረ በኋላ ስም ይወጣለታል፤ ጅብ ሲቀርብ ይጮኻል፤ ማሽላና በቆሎ ሲያሽት ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራል። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ባለቤት የሌለውን ውሻ ማስጠጋት የቆየ ልማድ ነው። የጎደለው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ውሻውን የተቀበለ ቤተሰብ ለክፉ ቀን የሚያደርገው ዝግጅት። ይህ ዝግጅት ከሌለ ርኅራኄው ራሱ ውሻውንም ልጆቹንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ከክፉዎቹ ቀናት ሁሉ የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ የሚገባበት ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጉዞው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ሰው የሚድንበት ጊዜ ነው፤ በብዙ የአገራችን ገጠሮች ደግሞ የሚባክነው እሱ ነው። የተነከሰው ልጅ መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል፤ እንዶድ የመሳሰሉ ሥሮችና ቅጠሎች ይሰጡታል፤ ቁስሉም ሲደርቅ ቤተሰቡ የዳነ ይመስለዋል።

መደረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። ቁስሉ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ነው። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው አሮጌው ክትባት በተከታታይ ለብዙ ቀናት ይወጋ ስለነበር ስሙ ሲነሣ የሚፈራ ሰው ዛሬም አለ። ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮዎች ያልቃል። ክትባቱ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ የትኛው ሆስፒታል እንዳለው መጠየቅ ያለበት ውሻው ግቢ ሲገባ ነው፤ ልጅ ከተነከሰ በኋላ መጠየቅ መዘግየት ነው።

የነከሰውን ውሻ እዚያው በድንጋይ መግደል በብዙ ሰፈር የተለመደ ነው፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ውሻው በጥንቃቄ ታስሮ ለ10 ቀን መታየት አለበት። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የሰውየውም ሕክምና በሐኪም ውሳኔ ሊቋረጥ ይችላል። ቀድሞ ከሞተ ደግሞ እርግጡ የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር ነው። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ፣ ምርመራውን እስከሚያደርገውና ብዙዎች ዛሬም «ፓስተር» እስከሚሉት የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ድረስ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቀድሞ ያልተያዘበት ቤት የአንጎሉን ናሙና በወቅቱ የሚያደርስበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው አደጋ ክልሉ ራሱ የሚወልደው ነው። በአባይ፣ በዳቡስና በዴዴሳ ወንዞች ዙሪያ የቆላ ዝንብ አለ፤ ዝንቡ ከብትና አህያ የሚያከሳውን ገንዲ ያስተላልፋል። ገንዲ ውሻንም እንደሚይዝ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ውሻው ያተኩሰዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ይከሳል፤ አንዳንዴ ዓይኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል። ባለቤቱ ለበሬው ገዝቶ ያስቀመጠውን ዲሚናዚን በግምት ሲወጋው ደግሞ ሌላ ጉዳት ይመጣል፤ መድኃኒቱ ለውሻ ከልክ ጥቂት ሲያልፍ አንጎል ይጎዳልና። መጠኑ በውሻው ክብደት ተሰልቶ በሐኪም መሰጠት አለበት። መዥገር ለማጥፋት የሰብል ተባይ ኬሚካል ውሻ ላይ መርጨትም ከዚህ አይለይም፤ ኬሚካሉ በቆዳም በምላስም ይገባል፤ ለሀጭ ያዝረከርካል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል።

እፉኝት የነደፈው ወይም መኪና የገጨው ውሻ የገዛ ጌታውን ይነክሳል፤ ሕመሙ ነው የሚያስነክሰው። ስለዚህ ውሻ ባለበት በእያንዳንዱ ቤት አፉን ለጊዜው የሚያስር ረዘም ያለ ጨርቅ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ፋሻና የክትባት ካርድ በአንድ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ግን አፉ አይታሰርም።

አብዛኛው የክልሉ የበርታ ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ በብዙ ቤት ውሻ ከደጅ አያልፍም። የእስልምና ሕግ ለጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ የሚያዝ ውሻን ይፈቅዳል፤ ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱም በሐዲስ ይነገራል። ደጅ የሚያድር ውሻ ከጅብና ከሌላ ውሻ ጋር ስለሚጋጠም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ሌላው ክፉ ቀን ሽሽት ነው። የክልሉ መተከል ዞን ባለፉት ዓመታት በግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎበታል፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህም የሱዳን ጦርነት ሰዎችን በኩርሙክ በኩል ያሻግራል። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ ስለ ውሻ ማንሣት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ሆኖም ባዶ መንደር ውስጥ የቀረ ውሻ ምግብ ፍለጋ ይሰደዳል፣ ከአውሬ ጋር ይቀላቀላል፣ በሽታውን ይዞ ወደ ሰው ይመለሳል። አሜሪካውያን ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ፣ እንስሶቻችንን ትተን አንወጣም ያሉ ሰዎች መኖራቸውን አይተው እ.ኤ.አ. በ2006 የቤት እንስሳት በአደጋ ዕቅድ ውስጥ እንዲካተቱ ሕግ አወጡ። በእኛ አቅም የሚሆነው የተከተበ ውሻ በገመድ ይዞ መውጣት ነው፤ ያም ከመሸሽ በፊት የተደረገ ክትባት ይፈልጋል።

ከተሞች ውሻ ሲበዛ መርዝ ይረጫሉ። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይገድላል፤ የሞቱት ትተውት የሄዱትን ቦታ ያልተከተቡ ቡችሎች በጥቂት ወራት ይሞሉታል። በሽታውን የሚያቆመው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። በሽታው ካልቆመ የሚያደርሰውን ባሌ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከመንደር ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ፤ በምድር ላይ የቀሩት በአጠቃላይ 500 የማይሞሉ ናቸው። ስለዚህ የቀበሮዎቹ ጠባቂዎች የአርሶ አደሩን ውሻ በየመንደሩ እየዞሩ ይከትባሉ።

አሶሳ ለእንዲህ ያለው የክትባት ሥራ መሠረት አላት፦ የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ በየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ለእንስሳት የሚሆነውን ክትባት ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መንገዱን ስለሚያበላሽ፣ የክትባት ዘመቻው ከኅዳር ጀምሮ በገበያ ቀን፣ ከአሶሳና ከባምባሲ ተነሥቶ ወደ ኩርሙክ ቢሄድ በመንገዱ ያሉትን የስደተኛ ጣቢያዎችና በዙሪያቸው ያሉትን መንደሮች በአንድ ጉዞ ያገኛል። ከአሶሳ የሚነሣው ቡድን ሕፃናት የያዟቸው ቡችሎች ሦስት ወር ሲሞላቸው የሚከተቡበትን ቀጠሮ በዚያው ቀን ካርድ ላይ ጽፎ መስጠት ይችላል።