ዳሸንን ጠጣነው፣ ዳሸን ባንክ ቆጠብን፤ ባለተራራውስ?

እኛ የከተማ ሰዎች ከሰሜን ተራሮች ጋር ያለን ዝምድና የሚገርም ነው። ዳሸንን በጠርሙስ ጠጥተነዋል። በዳሸን ስም ባንክ ከፍተን ደብተር አውጥተናል። ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያ ብለን ሰይመን ሲያገባ ጨፍረናል፣ ሲገባበት ደግሞ ምስኪኑን ዋልያ ጨምረን ሰድበናል። ዋልያ የሚባል ቢራም መጥቶልናል። ተራራውን በእግሩ የረገጠው ግን ስንቱ ነው? አብዛኞቻችን ያየነው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ነው። ተራራ መውጣት የፈረንጅ ሥራ ነው ብለን ስለደመደምን እዚያ ላይ ስለሚኖረው ሰው የምንጠይቀው ነገር የለም። ዛሬ የማነሳው ይህንኑ ሰው ነው።

በቅድሚያ ላላየ ሰው ልንገር። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደባርቅ ይደረሳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። መግቢያ ይከፈላል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደባል፣ ዕቃ የሚጭን በቅሎ ይከራያል። ከዚያ በቡይት ራስ አድርጎ ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ እየተባለ በእግር ይኬዳል። ማታ ድንኳን ተተክሎ ይታደራል። በመንገድ ላይ ጅንባር ወንዝ ገደል ሲገባ ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮ በመቶ እየሆነ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ዞር ብሎም አያይህ። እሜት ጎጎ ላይ፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሲቆም ሦስት አቅጣጫው ገደል ነው፤ ወሬኛው ሰው እንኳ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ጉልበት ያለው ቧሂትን (4,430 ሜትር) ተሻግሮ ራስ ደጀን ይወጣል። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ያህል ነው፤ ባገራችን ከእሱ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ዋልያ ደግሞ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቀይ ቀበሮም ብርቅ ሆኖ እዚያው ይገኛል።

ይህን ሁሉ ለማየት ሰው ከአውሮፓ ከአሜሪካ በአውሮፕላን ይመጣል። ጥሩ። ግን ያ ፈረንጅ እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ስንት ሰው ተሸክሞታል? ድንኳኑን በቅሎ ተሸከመች፣ በቅሎዋን ባለቤቷ ነዳ። ውኃ የቀዳ አለ፣ እንጀራና ሾርባ የሠራ አለ። ሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጠመንጃውን ታቅፎ፣ ድንኳኑ ደጃፍ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ስካውት አለ። ‹‹የተራራ ጀብዱ›› እየተባለ የሚሸጠው ነገር በእነዚህ ሰዎች ጀርባ ላይ የቆመ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጋዜጣ ጽሑፍ ልሠራ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ባለበቅሎ አብረውኝ ነበሩ። እኔ በየሃምሳ እርምጃው ቆሜ ትንፋሽ እሰበስባለሁ፤ እሳቸው በላስቲክ ጫማ ይሄዳሉ። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ደርሰን፣ ‹‹አባባ፣ እርስዎ ይህን ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?›› አልኳቸው። ከተሜ የሚጠይቀው ጥያቄ መሆኑ ነው።

‹‹እኔማ ልጄ በቅሎዋን ነው የማየው›› አሉኝ። ‹‹እሷ ከገባች ገደሉን ማን ሊያይ ነው?››

ቀጠሉና የበቅሎ ሥራ በተራ እንደሆነ ነገሩኝ። ባለበቅሎው ብዙ ነው፣ እንግዳው ጥቂት ነው። ስለዚህ ስም ተመዝግቦ ተራ ይጠበቃል። ‹‹ይቺ ተራ እስክትደርሰኝ ስንት ወር እንደቆየሁ ብነግርህ አታምነኝም›› አሉ። በደረሰቻቸው ተራ ሦስት አራት ቀን ሠርተው የሚያገኟት ብር፣ አንድ እንግዳ ለአንድ ሌሊት ሎጅ ከሚከፍለው ጋር ስትነጻጸር ለማውራትም ታሳፍራለች።

እንግዲህ መንግሥታቱስ ይህን ሰው እንዴት አዩት? ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ፓርኩ በሕግ የታወጀው በ1962 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። ገበሬው በጠዋት ሲነሳ ያረሰው መሬት፣ ከብት ያሰማራበት ጓሳ ፓርክ ሆኖ አገኘው። ደርግ መጣ። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ ተራሮቹን በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲያሰፍር፣ ከላሊበላ ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆኑ። ክብር ነው። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ግን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በጉልበት ተነሡ። ኋላ በደርግ መጨረሻ ዓመታት የእርስ በርስ ጦርነቱ ፓርኩን ጠባቂ አልባ አደረገው። ኢሕአዴግ መጣ። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዋልያውን ማነስና የሰፈራውን መስፋፋት አይቶ ፓርኩን ‹‹አደጋ ላይ ያሉ›› ከሚባሉት መዝገብ ውስጥ ከተተው። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 20 ዓመት ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ እምብርት የነበረው የግጭ መንደር፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ካሣ ተሰጥቶት ወደ ደባርቅ ዳርቻ ወረደ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ተፋቀ፣ ተጨበጨበ።

ሦስት መንግሥት፣ አንድ አስተሳሰብ። ዘውዱም፣ ሶሻሊስቱም፣ አብዮታዊ ዴሞክራቱም በሌላው ነገር ሁሉ ተጣልተው፣ የተራራውን ገበሬ ‹‹እንቅፋት›› አድርጎ በማየት ግን ተስማምተዋል!

‹‹ታዲያ ከብቱም ሰውም ፓርኩ ውስጥ ይርመስመስ ነው የምትለው?›› የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። የግጭ ሜዳ በከብት ተግጦ አፈሩ ሲወጣ፣ ገብስ ዳገት ላይ ሲዘራና ጎርፍ ሲወስደው ሰውም ዋልያም ነው የተጎዳው። መነሣቱ ግድ ነበር ቢባል እንኳ እከራከራለሁ እንጂ ጆሮዬን አልደፍንም። የኔ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ ነው። በሬና ማረሻ እንጂ ሌላ ሙያ ያልለመደ አባወራ ገንዘብ ተሰጥቶት ከተማ ዳር ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ገንዘቡ አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ የድሮ መንደሩ ላይ ድንኳን የሚተክለው እንግዳ ለዚህ ሰው ምን ይዞለት ይመጣል? ልጁ አስጎብኚ ሆኗል? ሚስቱ ለሎጁ እንቁላል ታቀርባለች? መልሱ ‹‹የለም›› ከሆነ፣ ችግሩን ከፓርክ ወደ ከተማ አዛወርነው እንጂ አልፈታነውም።

እንቅፋት የተባለው ሰው ደግሞ በክፉ ቀን ምን እንዳደረገ አይተናል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲነድ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር በትኖ እሳቱን ሲደበድብ የሰነበተው ማን ነው? ደባርቄው ነው፣ ጃናሞሬው ነው። ተራራው የራሴ ነው የሚል ሰው ባይኖር ኖሮ ሄሊኮፕተሩ የሚያጠፋው እሳት ሳይሆን የሚያየው አመድ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ክረምት እሳቱ አዳርቃይንና የደባርቅን አካባቢ አዳረሰ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፣ ሰው ተነፈሰ። ዓመት ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ አገር ምድሩን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር አዋለው። አንድ የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት እንግዳ ሲቀርበት መኪናውን ለሠርግ ያከራያል። ባለበቅሎውስ? በቅሎውን ይሸጣል። በቅሎው ካለቀች መጥረቢያ ይዞ ወደ አስታው ጫካ ይሄዳል፣ ወይም በጓሳው ላይ ፍየል ያሰማራል። እንግዳው ያበላው የነበረ ሰው ሲርበው ተራራውን ይበላል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ሆድ ነው። የዋልያው ዕድሜ ከባለበቅሎው ሌማት ጋር የታሰረ መሆኑን ያልገባው ሹም ፓርክ ልጠብቅ ቢል ጥበቃው ከንቱ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ቀላል ነገር ነው። አንደኛ፣ በፓርኩ በር በዓመት ስንት ብር እንደገባ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ በዙሪያው ላሉ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት፣ ውኃና ክሊኒክ እንደዋለ ደባርቅ ላይ በትልቅ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሰነፍ ሹም ካልሆነ በቀር ይህን የሚፈራ የለም። ሁለተኛ፣ ከግጭ የወረዱት ቤተሰቦች ልጆች በአስጎብኚነት፣ በስካውትነትና በምግብ ሥራ ሠልጥነው ቅድሚያ ያግኙ፤ መንደሩን የሰጠ ሰው ሥራውን ቢቀድም ማን ይቃወማል? ሦስተኛ፣ እንግዳ በማይኖርበት ዘመን እነዚህ ሰዎች መንገድ በመጠገን፣ አፈር በመጠበቅ፣ አገር በቀል ችግኝ በመትከል ደመወዝ የሚያገኙበት መላ ይፈለግ። ከተማ ውስጥ ድንጋይ ለማንጠፍ ባጀት የሚገኝ ከሆነ ተራራ ለማዳን የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም።

ለእኛም ለከተሜዎቹ የቤት ሥራ አለን። ፈረንጅ ወሬ ሰምቶ ይቀራል፤ ኤምባሲው አትሂድ ሲለው አይሄድም። ያገር ሰው ግን መንገዱን አጣርቶ፣ ሰላም መሆኑን ደውሎ ጠይቆ መሄድ ይችላል። ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ተራራው አረንጓዴ ነው፤ እስከ የካቲት ድረስም ደረቅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አትሩጡ፣ ከፍታው ራስ ያዞራል። ወፍራም ጃኬትና ጥሩ ብርድ ልብስ ያዙ፣ ሌሊት ውኃ ይረጋል። እግሩ ለማይችል መኪና እስከ ጨነቅ ይደርሳል። የበቅሎውን ሒሳብ ለባለቤቱ በእጁ ስጡት፣ ስካውቱንም ከምትበሉት አብሉት። ለአንድ ሠርግ የምናወጣውን ለአንድ ተራራ ብናወጣ አንከስርም።

በስሙ ስንት ዓመት ጠጣን፣ ስንት ዓመት ጨፈርን። ሒሳቡ ግን ገና አልተከፈለም፤ ባለተራራው ደግሞ እስካሁን ተራውን እየጠበቀ ነው።