ከዚራን ማን ያስጎብኝ?

ድሬዳዋ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አድሮ ወደ ሐረር ይወጣል። ጀጎልን ማየቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከዚራን ሳያይ ማለፉ ያሳዝነኛል። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ ከተማችንም በዚያው ተቆረቆረች። ቀጥ ያሉት የከዚራ መንገዶች ያን ጊዜ ለባቡሩ ሰዎች የተቀየሱ ናቸው። ደቻቱን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን መጋላ ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር ከከተማው ውጭ ስለሚቆም አሮጌው ጣቢያ ጭር ብሏል። የቀረው ትልቁ ሀብት በሰው ራስ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ የባቡሩን ዕቃ ሁሉ በፈረንሳይኛ ስሙ እየጠሩ፣ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምተው ጉድለቱን ያውቁ እንደነበር አጫውተውኛል። ይህን የትኛው ሐውልት ይነግረናል?

ስለዚህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ተወስኖ ጣቢያውንና የባቡር መጠገኛውን ጡረተኞቹ ራሳቸው ያስጎብኙ፤ እንግዳው ለድካማቸው ይክፈል፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ ደብተር ይዘን የሚሉትን እንጻፍ። ለከርሞ ባይባል ደስ ይለኛል። ጎረቤታችን ዐምና እስከ ጣቢያው በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከደጃፋቸው አይርቁም።