ወደ ማርስ ሳይሄዱ የማርስን ኑሮ መልመድ

ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስንቁን የሚቋጥረውና ጭነቱን የሚመዝነው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። በበረሃ የሚጎድልበት ነገር በቤቱ ሳለ ቢታወቅ በቀላሉ ይሟላለታልና። በዛሬ ዘመን ሰውን ወደ ጨረቃና ወደ ማርስ ለመላክ የሚያስቡ ሊቃውንትም የያዙት መንገድ ይኸው ነው፤ ይኸውም ጥቂት ሰዎችን በምድር ላይ በተዘጋ ቤት አስገብተው በዚያ እንደሚኖሩ አድርገው ያኖሩአቸዋል። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ጨዋታ ይመስለው ይሆናል።

ነገር ግን በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የሰዋስውና የምሥጢር ስሕተቱን ያርመዋል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው በዚህ አኳኋን ነው። በጉባኤ ቤት የተገኘ ስሕተት ትምህርት ይሆናል፤ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት የተገኘ ግን ኀፍረት ነው። በማርስ ላይ የሚገኝ ስሕተት ደግሞ ሞት ነው።

እስከ አሁን የተደረገውን፥ ዓመቱን በአገራችን አቈጣጠር እየጠቀስን እንመልከት። በአሜሪካ በአሪዞና ባዮስፌር 2 በተባለው የመስተዋት ቤት ውስጥ በመስከረም 1984 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች ለሁለት ዓመት ገቡ። የሚተነፍሱት ኦክሲጅን ከመቶ 21 ያህል የነበረው ወደ 14 ወረደ። ምክንያቱም በለመለመው አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቃን ነፍሳት አየሩን በብዛት ስለ ተነፈሱት፥ ከእነርሱ የወጣውንም አየር የሕንፃው ሲሚንቶ ስለ መጠጠው ነው። በጥር 1985 ዓ.ም. ኦክሲጅን ከውጭ ተጨመረላቸው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ቈጠረው፤ ነገር ግን ይህ በማርስ ደርሶ ቢሆን ኖሮ አየር የሚጨምርላቸው ማን ነበር?

በሞስኮ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ስድስት ወንዶች ገብተው 520 ቀን ተቀመጡ። ከእነርሱ የብዙዎቹ እንቅልፍ ታወከ፥ እንቅስቃሴአቸውም እየቀነሰ ሄደ። በሂዩስተንም አራት ሰዎች ከሰኔ 2015 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. 158 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት 378 ቀን ኖሩ። ከማርስ የተላከ ቃል ምድር ለመድረስ እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ፥ የእነርሱም መልእክት እንዲሁ እንዲዘገይ ተደረገ።

እርግጥ ነው፥ የማርስን ቀላል ክብደትና የጠፈሩን ጎጂ ጨረር በምድር ቤት ውስጥ ማምጣት አይቻልም። ዳሩ ግን ከጥቂት ሰዎች ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ታግሦ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በአፋር ምድር ያለው ዳሎል፥ ጨውና ድኝ፥ የፈላና የሚያቃጥል ኮምጣጣ ውሃ ስላለበት፥ ሊቃውንት ማርስን ለማጥናት ይመላለሱበታል። በ2011 ዓ.ም. አንደኛው ወገን በዚያ እጅግ የደቀቁ የረቂቃን ነፍሳት ምልክት እንዳገኘ ጻፈ፤ በ2012 ዓ.ም. ሌላው ወገን በጣም ኮምጣጣና ጨዋማ በሆኑት ኵሬዎች ሕይወት የለም ሲል ጻፈ። ይህ ክርክር ጠቃሚ ነው። ሕይወት የሚመስለውንና ሕይወት የሆነውን በዳሎል መለየት ያልቻለ ሰው በማርስ ሊለይ አይችልምና።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያይቱን ሳተላይትዋን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ልካለች። እንግዲህ በገዛ ምድርዋ በሚደረገው ምርመራ ልጆችዋ መንገድ መሪዎች ብቻ ሆነው ሊቀሩ አይገባም፤ ከመርማሪዎቹ ጋራ መሣሪያውን ይዘው ውጤቱን ሊጽፉ ይገባል። ስፍራውንም ሳይበላሽ መጠበቅ የሹማምንት ፈንታ ነው።

ከዚህም ሁሉ በላይ ለማናቸውም ሥራ የሚሆን ምክር በዚህ አለ። ለሕዝብ የታሰበ አዲስ ነገር አስቀድሞ በጥቂቱ ይፈተን፤ የተገኘውም ጉድለት ሳይደበቅ ይጻፍ። የቅኔ መምህር ተማሪውን የሚያርመው ሊያሳፍረው ሳይሆን በአደባባይ እንዳያፍር ነው።