የቤተሰብ ማዕዘን፦ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች

የአንድ የሙዚቃ ጓድ ታሪክ ሲተረክ የተመሠረተበትና የገነነበት ዘመን ይወሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የድካም ጊዜ ግን አስታዋሽ አያገኝም። ለዛሬ የመረጥነው ሸክላ ከዚሁ ከተረሳው ጊዜ የተገኘ ነው፤ ፍሊትዉድ ማክ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው «ቤር ትሪስ»፣ ማለትም «ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች»።

ባንዱን በ1967 ለንደን ላይ ያቋቋመው ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ግሪን ነበር። ሆኖም በራሱ ስም አልሰየመውም፤ የድራም መቺውን የሚክ ፍሊትዉድንና የቤዝ ጊታር ተጫዋቹን የጆን ማክቪን ስም አጣምሮ ሰጠው። ግሪን በ1970 ተሰናበተ። በ1971 መጀመሪያ ደግሞ ሌላው ጊታረኛ ጀረሚ ስፔንሰር፣ ባንዱ ለትርዒት ሎስ አንጀለስ በሰነበተበት ወቅት፣ እንደ ወጣ ቀረ፤ ሲፈለግ ከአንድ የሃይማኖት ቡድን ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። ከኋላ ሆነው ምቱን የሚጠብቁት ሁለቱ ባለስሞች ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

በሸክላው ላይ ካሉት 10 ሥራዎች አምስቱ የዳኒ ከርዋን ናቸው። ከርዋን በ1968 ባንዱን ሲቀላቀል የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ሁለቱን አሜሪካዊው ቦብ ዌልች፣ ሁለቱን ደግሞ የጆን ባለቤት ክሪስቲን ማክቪ ደርሰዋል። በመጨረሻው ላይ አንዲት አሮጊት ግጥም ያነባሉ። በሽፋኑ ላይ ያለውን፣ በጭጋግ ውስጥ የቆሙ እርቃን ዛፎችን የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያነሳው ራሱ ጆን ማክቪ ነው።

ከክሪስቲን ሥራዎች አንዱ «ሆምዋርድ ባውንድ» ይባላል፤ የጉዞን ምሬትና የቤትን ናፍቆት የሚያሰማ ነው። ናፍቆቱን ለማወቅ ለወራት ከቤት ርቆ የከረመ ወታደርም፣ በር በሩን ስታይ የከረመች ባለቤቱም አስተርጓሚ አያሻቸውም። የከርዋን «ደስት» ደግሞ ቃላቱን የወሰደው ከሩፐርት ብሩክ ግጥም ነው። ብሩክ በ1915 ወደ ጋሊፖሊ ሲዘምት በመንገድ ላይ ታሞ የሞተ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ዜማው ለስላሳ ነው፤ ኀዘኑን በጩኸት አይገልጸውም።

የሸክላውን እኩሌታ የተሸከመው ያ ወጣት ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር፣ ከአንድ ትርዒት በፊት ጊታሩን ሰባብሮ መድረክ አልወጣም አለ፤ ከባንዱም ተሰናበተ። ባንዱ ዓለምን ያዳረሰው በ1977 «ሩመርስ» በተባለው አልበም ነው፤ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ከርዋን በዚያ ድል ውስጥ አልነበረም። በ2018 አረፈ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንቀስማለን። አንደኛ፣ መሪ ሲለይ ክፍልን የሚያቆመው ስሙ ከፊት ባይሰማም ምቱን ሳያዛንፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ሸክም የበዛበት ሰው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ሥራው የተዋጣለትን ጓደኛችንን «እርሱስ ጠንካራ ነው» ብለን ማለፍ ይቀናናል፤ መጠየቅ የሚገባው ግን እርሱ ነው። በቤትም እንዲሁ ነው፤ ልጅ አሳድጋ፣ ቀለብ አብቃቅታ፣ ለደብዳቤ ሁሉ «ደህና ነን» ብላ የምትመልስ ሚስት ደህና መሆኗን ደግሞ የሚጠይቃት ያስፈልጋታል።

ሸክላውን ያገኘ ሁሉ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ያዳምጠው። ከዚያም መጠየቅ ያለበትን ይጠይቅ።